የጣውላ ወለል ወዙን ሳያጣ ስለሚጸዳበት መንገድ

በአዊ ምድር ክረምቱ የበረታ ነው። በተለይም እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ብርዱና እርጥበቱ ይጸናል፤ ከደጅ የሚገባውም እግር ሁሉ ጭቃ ይዞ ይገባል። ወለሉ በእበት የሚለቀለቅ ቤት ቢበላሽ በማግሥቱ ይታደሳል። ጣውላ ያነጠፈ ሰው ግን ወለሉ አንድ ጊዜ ከተበላሸበት ለማሳደስ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ጽድም ሆነ ዋንዛ፥ ዝግባም ሆነ ባሕር ዛፍ፥ እንጨት ሁሉ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኮማተራል። በዚህም ምክንያት ጣውላው ይጣመማል፥ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ከዚህ የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ቫርኒሽ ነው። የቫርኒሹን ደኅንነት ለማወቅ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ ደኅና ነው፤ ሰርጎ ገብቶ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ቅቡ አልቋልና ባለሙያ ይጥሩ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አሸዋውንና አቧራውን በለስላሳ መጥረጊያ ያስወግዱ፤ ወዙን የሚፍቀው ከእግር በታች የሚፈጨው አሸዋ ነውና። ቀጥሎም ጥቂት ለስላሳ ሳሙና በገባበት ለብ ያለ ውኃ ጨርቅ ነክረው፥ እስኪበቃው ጨምቀው፥ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ይወልውሉ። ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። በባልዲ ውኃ መድፋት ከቶ አይገባም።

በረኪና፥ ሆምጣጤና የብረት ሽቦ ወዙን ያጠፋሉ። በረኪናን ከሆምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር መቀላቀልማ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ቤንዚንም በማናቸውም ምክንያት ወለል ላይ አይፍሰስ፤ እሳት ከሩቅ ይስባል።

በበዓል ቀን ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ውኃው ይራገፍ፥ ከሥሩም ሰሌን ይነጠፍ፤ ሳያድርም ይጠረግ። የቡናው ምድጃ በጡብ ላይ ይቀመጥ። የጧፍ ሰም ቢንጠባጠብ እስኪደርቅ ትተው በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ ያንሡት እንጂ በቢላዋ አይፋቁት።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ወለሉ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ምድጃ ማስገባት ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር መልክም ሽታም ስለሌለው፥ የተኙ ሕፃናትን ሳይነቁ ይገድላል። መስኮት ከፍቶ በነፋስ ማድረቅ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። በቤታችንም ደጃፍ ላይ ጆንያ አንጥፈን፥ ልጆቻችን ጫማቸውን እዚያው እንዲያወልቁ ብናስለምዳቸው፥ የጽዳቱ ድካም እኩሌታው በደጅ ይቀራል።