ቍልፍ ያዥ ወይስ ተመራማሪ?
ስለ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ቤት ሹሞች በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ብዙ ሰው ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ በመግቢያው ጠረጴዛ የተቀመጠውን ሠራተኛ የሚመለከተው እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። መጽሐፉን ያወጣል፤ ያስፈርማል፤ ሲመለስለትም ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው ይከታል። ይህ አስተያየት ከልማድ የመጣ ነው። በአገራችን አድባራትና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ከንዋያተ ቅድሳት ጋራ በዕቃ ቤት ስለሚቀመጡ፣ መጽሐፍ መያዝ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ከሌባና ከእሳት መጠበቅ ማለት ሆኖ ኖሯል። ጥበቃው የተከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን የመጻሕፍት ቤት ሹም ከጠባቂነት አልፎ ራሱ የሚመረምርና የሚጽፍ ሊቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያበቃው ወይም ከዚህ የሚያስቀረው ምን እንደ ሆነ ዛሬ እንመለከታለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሹም የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ የፀሓይን ጥላ መሠረት አድርጎ የምድርን ዙሪያ ያሰላ ሊቅ ነው።

ወደ ዘመናችን ቀረብ ስንል የህንዱን ሊቅ የራንጋናታንን ታሪክ እናገኛለን። እኒህ ሰው የሒሳብ መምህር ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ቤት ሹም ሆነው ሲሾሙ፣ ሥራው ስላሰለቻቸው ወደ ማስተማሩ ሊመለሱ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ወደ ለንደን ተልከው ሙያውን ሲማሩ፣ መጻሕፍትን በየፈርጃቸው መመደብ ራሱ ጥልቅ ምርምር የሚጠይቅ መሆኑን ተረዱ። በ1931 አምስቱን የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት፣ በ1933 ደግሞ አዲስ የአመዳደብ ዘዴ አሳተሙ። የተፈጥሮ ስጦታቸውን ወደ ፍሬ ያደረሰው ትምህርቱ ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጻሕፍት ቤት ሹም የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ፣ ከመጻሕፍቱ ጋራ የጥንት ሥዕሎችንም ይሰበስቡ ነበር። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረትም በዚያው ሥራ ቀጠሉ። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ የታተመው በ1983 ነው። ለእርሳቸው መሰብሰቡና መመርመሩ አንድ ሥራ ነበር።

እንግዲህ ሌሎች ብዙዎች ስለምን አይጽፉም? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፣ መጻሕፍቱ በእጃቸው ናቸው። የሚጐድላቸው ግን በመጀመሪያ ጊዜ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ ሲያርፉ የራሱን ጥናት ይይዛል፤ የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ግን ቀኑን ሁሉ በጠያቂ ይቋረጣል፤ ክረምትም ቢሆን ቈጠራ አለበት። ሁለተኛው የምርምርን ዘዴ አለመማር ነው፤ መጽሐፍ መመደብን ያወቀ ሁሉ መረጃ ሰብስቦ መመርመርን ያውቃል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ረቂቁን አንብቦ የሚያርም የሙያ ጓደኛ ማጣት ነው።

አራተኛው ማዕረግ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ቤት ባለሙያዎች ማኅበር፣ ከመምህራን ማኅበርና ከኮሌጆች ማኅበር ጋራ በ1972 ባወጣው የጋራ መግለጫ፣ እነዚህ ባለሙያዎች እንደ መምህራን እንዲቈጠሩ ጠይቋል። ይህን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዕድገት የኅትመት ሥራ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ግዴታውን ሰጥቶ ሰዓቱን መንፈግ፣ ዘር ሳይሰጡ አዝመራ እንደ መጠበቅ ነው።

የምርምሩም ጥያቄ ሩቅ አይደለም። አንባቢ ፈልጎ ያጣውን መጽሐፍ በየዕለቱ የሚመዘግብና ያጣበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ጥናቱን ጀምሯል። በዚህም የሚጠቀመው መጀመሪያ ራሱ አንባቢው ነው።

ይህ ጕዳይ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችንም ይነካል። በየመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ፤ የአንድን ጕዳይ የብዙ ዓመት ታሪክ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። አለቃው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለይቶ ያወቀውን እንዲጽፍ ቢፈቅድለት፣ ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮት አይወጣም።