የክሪፕቶኮከስ የቆዳ ኢንፌክሽን

የክሪፕቶኮከስ የቆዳ ኢንፌክሽን በሽታ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ እምብዛም የማያጋጥም የፈንገስ በሽታ ነው። ዋና መንስኤው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ ነው።

አመጣጥ

ፈንገሱ በአፈርና በእርግብ ኩስ ውስጥ ይገኛል። ከአቧራ ጋር በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ይቀራል። የመከላከል አቅም ሲዳከም ግን ፈንገሱ በደም አማካኝነት ወደ አንጎል ሽፋንና ወደ ቆዳ ይሰራጫል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በይበልጥ የሚጠቁት የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች የወረደ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ናቸው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱና የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎችም ተጋላጭ ናቸው።

ምልክቶች

ፈንገሱ በሰውነታቸው ከተሰራጨባቸው ሕሙማን ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ቆዳ ላይ ምልክት ይታያል። ብዙ ጊዜ ፊትና አንገት ላይ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። እነዚህ እብጠቶች ሞለስከም የተባለውን ቀላል የቫይረስ በሽታ ስለሚመስሉ በቅባት ብቻ እየታከሙ ጊዜ ሊባክን ይችላል። ቁስሉ የማጅራት ገትር ምልክት ከሆኑት ከራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከማስመለስ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ምርመራ

ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የፈንገሱን አንቲጅን የሚለየው የደም ምርመራ ውጤቱን በ10 ደቂቃ ያህል ይሰጣል፤ ትልቅ መሣሪያም አይፈልግም። አንቲጅኑ ከተገኘ አንጎል መነካቱን ለማወቅ ከአከርካሪ ፈሳሽ ይወሰዳል።

ሕክምና

ማጅራት ገትር ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ከፍተኛ መጠን ያለው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ፣ ከ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ጋር ይሰጣል። ከዚያም ፍሉኮናዞል ለወራት ይቀጥላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመረ ሕመምተኛ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ቶሎ መጀመሩ በአንጎል ውስጥ አደገኛ ብግነት ሊያስነሳ ይችላል።

በኢትዮጵያ

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። በኢሉባቦር፣ ጎሬን ጨምሮ ከአካባቢው ከተሞች ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይላካሉ። በመሆኑም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ፊቱ ላይ አዲስ እብጠት ሲያይ፣ ራስ ምታት ባይኖረውም እንኳ፣ ለጤና ባለሙያ ማሳየቱ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።