አንጀት ሲታጠፍ

ሆዱን ቆርጦት ሲያድር ሐኪም ቤት የሚሮጥ ሰው ጥቂት ነው። ፌጦ ይበጠበጣል፤ አልተው ካለ ኮሶ ይከተላል። ቁርጠቱ እየሄደ እየተመለሰ፣ ሆድ እየተነፋ፣ ትውከት እየተከታተለ፣ ሰገራም ጋዝም መውጣት ሲያቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንጀት ተዘግቷል። መተላለፊያው በተዘጋበት ሆድ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ትንሹን አንጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ከቀድሞ ኦፕራሲዮን የቀረ ጠባሳ ነው። ቡአ፣ ዕጢ፣ በልጆች ደግሞ ወስፋትና የአንጀት እርስ በርስ መዋዋጥም አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከጎንደር እስከ ጅማ በተደረጉ የሆስፒታል ጥናቶች፣ ደጋግሞ የሚነሳው ምክንያት አንጀት በራሱ ላይ መጠምዘዙ ነው። በተለይ ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል፣ ሲግሞይድ፣ ረዝሞ ሥሩ ከጠበበ በቀላሉ ይዞራል። በብዛት የሚያጠቃው ወንዶችን ነው። ለምን? ሐኪሞች አሰር (ፋይበር) የበዛበትን ምግብና የደጋውን ከፍታ ይጠረጥራሉ፤ በቦሊቪያና በፔሩ ተራሮችም በሽታው የተለመደ ነው። በአፍጋኒስታን ደግሞ የትንሹ አንጀት መጠምዘዝ በረመዳን፣ ቀኑን ጾሞ ማታ አብዝቶ ከመብላት ጋር ተያይዞ ተዘግቧል። ጾም በሚጠብቅ ሕዝብ መካከል ይህ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው።

አንጀት በቀን 7 ሊትር ያህል የራሱ ፈሳሽ ይመላለስበታል። ሲዘጋ ያ ሁሉ ይጠራቀማል፤ ሰውነት ይደርቃል፣ ደም ግፊት ይወርዳል። ጥምዘዛው የደም ሥሩን ካነቀ አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እየመጣ ይሄድ የነበረው ሕመም ፋታ የማይሰጥ ሲሆን ይህን መጠርጠር ይገባል።

ሕክምናው የሚጀምረው ከቢላዋ በፊት ነው፦ በደም ሥር ፈሳሽ፣ በአፍንጫ እስከ ጨጓራ የሚዘልቅ ቱቦ፣ ሽንት የሚለካበት ሌላ ቱቦ። በራጅ ላይ የዞረው ሲግሞይድ ሆዱን የሞላ የቡና ፍሬ ይመስላል። አንጀቱ ገና ካልሞተ በፊንጢጣ ቱቦ ይገባል፤ የታመቀው ጋዝና ፈሳሽ ሲወጣ የተወጠረው ሆድ ወዲያው ይረግባል። ይህን ዘዴ በ1947 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኖርዌያዊው ሐኪም ብሩስጎርድ ነበር። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ «ዳንኩ» ብሎ ከመቅረት ክፍሉን በቀጠሮ ማስወጣት ይሻላል።

ሆድ ተከፍቶ አንጀቱ ጠቁሮ ከተገኘ ቀዶ ሐኪሙ ጥምዘዛውን ይፈታና በሞቀ ፈሳሽ የራሰ ጨርቅ አልብሶ ደቂቃዎች ይጠብቃል። ቀለሙ ከተመለሰና ከተንቀሳቀሰ ይተርፋል። ካልሆነ ተቆርጦ ይወጣል፤ አንዳንዱ ታካሚ ለወራት በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይጸዳዳል። የሞት አደጋው ከሁሉ የሚከፋው አንጀቱ ሞቶ ለደረሰ ሰው ነው።

ሆስፒታል መድረስ ግን ለሁሉም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ የደቡብ ወሎዋ ከተማ መካነ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው ወደ ደሴ ይላካል፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች አፋፍ ለሚነሳ ሕመምተኛ ደግሞ ከመኪናው በፊት ቃሬዛ አለ። አገሪቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ዲግሪ ማሠልጠን የጀመረችው እንዲህ ላለው ርቀት ነው፤ ያለ ደም፣ ያለ ማደንዘዣና ያለ አምቡላንስ ግን ባለሙያው ብቻውን አይበቃም።

ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስታውከውና ጋዝ እንኳ ያልወጣው ቤተሰብ ካለዎት የሚበላም የሚጠጣም አይስጡት፤ ሆዱንም አያሹት። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ጠርተው ይዘውት ይውጡ።