በዛፍ ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስም የሚያገኙበት መንገድ

በሐረርጌ ደጋ የሚያርስ ገበሬ ገርቢ የተባለውን የግራር ዓይነት አሳምሮ ያውቀዋል። ይህ ዛፍ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ ከበታቹ የተዘራው ማሽላና በቆሎ በዝናቡ ወራት የፀሐይ ብርሃን አይጎድልበትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የታተመ አንድ የሐረርጌ ጥናት፣ ከገርቢ በታች የተዘራው እህል ከዛፉ ርቆ ከተዘራው በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ እንደሰጠ ያስረዳል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፤ ከጥላው የሚያርፉት ከብቶችም ፍግ ይጥላሉ። ከሥሩ ዘንድ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ረዳቶች አሉ፤ እነርሱም ባክቴሪያዎች ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ነገር ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በግራርና በጥራጥሬ ሥር ገብተው ትንንሽ እባጮች ይሠራሉ፤ ከአየር ያገኙትን ናይትሮጅን ለተክሉ እንዲስማማ አድርገው ይሰጡታል፤ በምላሹም ስኳር ይቀበላሉ። እኔ በባቢሌ ከዘመዶቼ ማሳ የነቀልሁት የኦቾሎኒ ሥር በእነዚህ እባጮች ተሞልቶ ነበር። አንዱን በጥፍሬ ብሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ መቅላቱም ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ለመሆናቸው ምልክት ነው።

ታዲያ አንድ ባክቴሪያ ከዚህ በፊት ያልታወቀ አዲስ ዝርያ መሆኑ በምን ይታወቃል? በመልክ ብቻ አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት በትሮች ይመስላሉ። ስለዚህ ተመራማሪው በመጀመሪያ እባጩን በአልኮልና በሌላ መድኃኒት ከውጭ አጽድቶ ይጨፈልቀዋል፤ ጭማቂውንም ምግብ ባለበት፣ በረጋ ሳሕን ላይ ይቀባዋል። ከአንድ ባክቴሪያ የተራባውን ነጠላ ክምችት ለይቶ ያሳድጋል። ከዚያም የዘር መልእክቱን፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.ውን አንብቦ ቀድሞ ከታወቁት ጋር ያስተያየዋል። መላው የዘር መልእክት ከሚቀርበው ዝርያ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ከ95 በመቶ ግድም ካነሰ፣ አዲስ ዝርያ ለመሆኑ ትልቅ ማስረጃ ነው። በመጨረሻም በላቲን ሥርዓት ስም ይሰጠዋል፤ ሕያው ናሙናው በሁለት አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማኖሪያዎች ይቀመጣል፤ ይህም ማንም ተመራማሪ ነገሩን እንደገና እንዲመረምር ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ከሚበቅሉ ዛፎች የሥር እባጭ ሦስት አዳዲስ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ አንዱ በሐዋሳ ስም ሜሶራይዞቢየም ሐዋሴንሴ ተብሏል። በ2017 ደግሞ ቆርች ከተባለው ዛፍ የተገኘው ብራዲራይዞቢየም ሸዌንሴ በሸዋ ስም ተጠርቷል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ስሙ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» ይሉኛል። መልሱ ቀላል ነው። ዘመዶቼ ለማሽላቸው የሚገዙት ማዳበሪያ በየዓመቱ ኪሳቸውን ያራቁታል። ተለይቶ የታወቀና በማኖሪያ የተጠበቀ ባክቴሪያ ግን ሊራባ፣ ከጥራጥሬ ዘር ጋር ተለውሶ ሊዘራና ለመሬቱ ተስማሚነቱ ሊፈተን ይችላል። ያልተለየውን ግን መጠበቅም ማራባትም አይቻልም።

ከጀጎል በሮች ወጥተን ወደ ገጠሩ ስንሄድ፣ ለማገዶና ለከሰል የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ እናያለን። ከጉቶው ጋር ጥላውና ፍጉ፣ የሚረግፈውም ቅጠል አብረው ይቀራሉ። በሥሩ የነበሩትም ማንም ሳይመረምራቸውና ስም ሳይሰጣቸው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ በየማሳው የቀረውን ገርቢ መጠበቅ፣ ዛሬ ላለው እህልና ነገ ለሚመጣው ተመራማሪ ማሰብ ነው።