ተጨማሪ መረጃ፦ የጁባ መኪናዎች በተፈጥሮ ጋዝ ቢሄዱስ?

ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ፖርት ሱዳን በቧንቧ ትልካለች፤ የጁባ መኪናዎች የሚቀዱት ቤንዚንና ናፍጣ ግን ባብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ ኡጋንዳን አቋርጦ፣ በኒሙሌ ኬላ በቦቴ የሚገባ ነው። በዩኒቲና በአፐር ናይል ጉድጓዶች ከድፍድፉ ጋር የሚወጣው ጋዝ ደግሞ እዚያው እየነደደ ይባክናል። ታዲያ ለመኪና ለምን አይውልም? ሞተሩ እንቅፋት አይሆንም፤ የቤንዚን መኪና ሲሊንደርና የግፊት መቆጣጠሪያ ከተገጠመለት በሁለቱም ይሠራል። ችግሩ ማጓጓዙ ላይ ነው። ጋዙ በ200 ባር ግፊት ታምቆ እንኳ በአንድ ሊትር የሚይዘው ጉልበት የቤንዚን ሩብ ግድም ነው። ወፍራም የብረት ሲሊንደር የጫነ መኪና ዝናብ ባጨቀየው መንገድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያደርሰው ጋዝ ጥቂት፣ የሚጨርሰው ናፍጣ ብዙ ይሆናል።

«ግብፅ ችላበት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ችላበታለች፤ ካይሮ ግን ጋዝ በቧንቧ የሚደርሳት ከተማ ናት፣ ማደያው ከመስመሩ ስቦ ያምቃል። ጁባ ይህ መስመር የላትም፤ ከተሜውን የሚያመላልሰው ቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌትም ለሲሊንደሩ ቦታ የለውም። (የወጥ ቤቱ ቡታጋዝ ሌላ ነው፤ እሱ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ይሆናል፣ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ፈሳሽ ለመሆን እስከ 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች መቀዝቀዝ አለበት።) ቧንቧ አንድ ቀን ቢዘረጋ ቀድመው የሚጠቀሙት ከነጭ ዓባይ እየቀዱ በየሰፈሩ የሚያከፋፍሉት የውሃ ቦቴዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የናፍጣ ሞተራቸው መቀየር ቢኖርበትም መንገዳቸው አጭር፣ ማደሪያቸው የታወቀ ነው። እስከዚያው ግን ጋዙን በጉድጓዱ አጠገብ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ማዋሉ ይበልጥ ያዋጣል።