የዋጋ ገደቡን ማን ይቀይር? መቼስ?

ከመቱ ወደ በደሌ መጋዘን ቡና ጭኖ በምርት ገበያ በኩል ለሚሸጥ አቅራቢ ዋጋውን የሚወስነው የገዢና የሻጭ ፉክክር ብቻ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቁጥርም አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. በጩኸትና በእጅ መማታት የጀመረውን ግብይት በኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲያዞር፣ ዕለታዊውን የዋጋ ገደብ የማስከበሩ ሥራም ለማሽን ተሰጠ። ለአብነት የቀደመው ቀን መዝጊያ በፈረሱላ 6,000 ብር፣ ገደቡም 5 በመቶ ቢሆን፣ ከ5,700 በታችና ከ6,300 ብር በላይ የሚገባ ትእዛዝ ተመላሽ ነው።

ገደቡ ከድንገተኛ ንረት ይከላከላል። የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ ግን እግር ብረት ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የአረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ከዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ቁጥር ለማስቀየር የኮምፒዩተር ባለሙያ መጠበቅ ለነጋዴው ኪሳራ ነው፤ ቡናው መጋዘን ተኝቶ የባንክ ወለድ ይቆጥርበታል። ቁጥሩ ገበያውን በሚያውቀው ክፍል እጅ መሆን ይገባዋል።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ግብይት እየተካሄደ ገደቡ ቢነካ፣ ቀድሞ የገባው ትእዛዝ በየትኛው ይዳኛል? ወሬውን አስቀድሞ የሰማስ ምን ያህል ያተርፍበታል? ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ፦ አንዱ ያቀረበውን ለውጥ ሌላው ያጽድቀው፤ ከመክፈቻ በፊት ለሁሉም እኩል ይነገር፤ ማን መቼ እንደቀየረውም ይመዝገብ። የተከፈተ ግብይት በተከፈተበት ቁጥር ይዘጋ።