ከጀጎል ግንብ ውጭ የሚሰጥ ድምፅ

የሐረርን ምርጫ ነገር ለአንባቢ ለማስረዳት የሚነሣ ጸሐፊ ከምርጫ ሣጥኑ አስቀድሞ ከግንቡ ቢጀምር አይወቀስም። አሚር ኑር በ16ኛው ምእት ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ ጥንታውያን በሮቹ ማታ ማታ እየተዘጉ፣ የከተማዪቱን ልጅ ከእንግዳው ሲለይ ኖሯል፤ በሮቹ ሌት ተቀን ክፍት ከሆኑ አሁን ዘመን ሆኗል፤ ነገር ግን «ማነው የሐረር ሰው?» የሚለው የጥንቱ ጥያቄ መልኩን ለውጦ በ2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ፊት ቀርቧል። ይኸውም፣ ከሐረር ወጥቶ በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ ኑሮውን የመሠረተ የሐረሪ ተወላጅ በሐረር ጉባኤ ላይ ድምፅ አለውን የሚል ነበረ።

ጥያቄው እንዴት እንደ ተወለደ የሚገባን የክልሉን ምክር ቤት አወቃቀር ስንመለከት ነው። በአገራችን ካሉት የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ የሐረሪው በአቋሙ ለብቻው የቆመ ነው፤ 36 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ 22ቱ በክልሉ ነዋሪዎች ሁሉ የሚመረጠው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ ግን የሐረሪ ተወላጆች ብቻ የሚመርጡት ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ነዋሪዎች መካከል ሐረሪዎች ከመቶ ዘጠኝ እንኳ የማይሞሉ ሆነው ስለ ተገኙ ነው፤ ኦሮሞዎች ከመቶ 56፣ ዐማሮች ደግሞ ከመቶ 23 ያህል ነበሩ። የክልሉን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች በስሙ ክልል የተሰየመለት፣ ጌይ ሲናን የሚናገረው ሕዝብ፣ በቍጥር ብቻ ቢዳኝ በገዛ ከተማው ድምፀ ቢስ ሆኖ እንዳይቀር የሠሩለት መከታ ብሔራዊ ጉባኤው ነው።

ይሁንና ሐረሪው ራሱ በሐረር ብቻ አይገኝም። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ የተባለው የሐረሪዎች የተቃውሞ ንቅናቄ በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ታሥረው፣ ሀብታቸውም ተወርሶ፣ ከዚያ በኋላ ቤተ ሰብ እየተከተለ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ፈለሰ፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅም ከግንቡ ውጭ የእርሻ ቦታ የነበራቸውን ባለ ይዞታዎች ከመሬታቸው ሲለያይ ፍልሰቱን አበዛው። የሄደው ግን ተቈርጦ አልቀረም፤ አፎቻውን ይዞ ሄዷል። አፎቻ ማለት ለሠርግና ለለቅሶ የሚሰባሰብ፣ እድርን የሚመስል የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ ሐረሪው በሄደበት ሁሉ ከወገኑ ጋር የሚተሳሰርበት ገመድ ነው። ስለዚህም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረጉት ምርጫዎች ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ባሉበት ሆነው የብሔራዊ ጉባኤውን አባላት ሲመርጡ ኖረዋል።

ነገሩን የሚነቅፍ ሰው ነቀፌታው ከንቱ አይደለም። ከተወለደ ጀምሮ በሐረር የኖረ፣ ግብሩን በሐረር የሚከፍል ኦሮሞ ወይም ዐማራ ለ14ቱ መቀመጫዎች አንዲት ድምፅ እንኳ ሳይኖረው፣ ሐረርን በዓመት አንድ ጊዜ የሚጐበኝ ሰው በሩቅ ሆኖ ሲመርጥለት ማየቱ ይከብደዋል። ይህን ጸሐፊ ጠይቃችሁት ቢሆን፣ ርትዑ በሁለቱም ወገን አለ ብሎ ይመልስላችሁ ነበር።

የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በ2013 ዓ.ም. የተመለከተው ግን የሕጉን ፊደል ነው። መራጭ የሚመዘገበው በሚኖርበት የምርጫ ክልል ነው፤ ከሐረሪ ክልል ውጭ ደግሞ ለሐረሪ ጉባኤ የተከለለ የምርጫ ክልል የለም፤ እንግዲህ የቀድሞው ልማድ አይቀጥልም ብሎ ወሰነ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት በዚህ ስላልረካ ጉዳዩን በይግባኝ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም የቦርዱን ውሳኔ ሽሮ፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩት ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤው ድምፅ ሊሰጡ ይገባል አለ። በጊዜው ቦርዱን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ ቀድሞ ራሳቸው ዳኛ የነበሩ መሆናቸው፣ ፍርድ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ከእርሳቸው ጋር በዚያው በ2011 ዓ.ም. ወር ባልሞላ ልዩነት የተሾሙ መሆናቸው የዘመኑ ግጥጥሞሽ ነው። በዚያው ሰሞን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት የታሠሩት የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች እንዲመዘገቡ አዝዞ ነበር፤ ቦርዱም የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሟል ብሎ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ትእዛዙን ፈጽሟል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር፣ የሐረሩ ብያኔ የተሰጠው ሣጥኑ ገና ሳይከፈት መሆኑ ነው። በሌላው ዓለም የታወቁት የምርጫ ፍርዶች ድምፁ ከተቈጠረ በኋላ የተሰጡ ናቸው፤ የኬንያው በነሐሴ 2009 ዓ.ም.፣ በነጭ ማጥፊያ ቀለም የተደለዘ የውጤት ቅጽ ያስነሣው የማላዊው ደግሞ በጥር 2012 ዓ.ም. እንዲህ ነበሩ። ከሐረር ጋር ለማነጻጸር የሚመቸው ግን የበርሊን ነው፤ በርሊን ከተማም ክልልም ናትና። መስከረም 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ የፌዴራሉ ምክር ቤት፣ የከተማው ምክር ቤትና የወረዳዎቹ ምርጫ፣ ሕዝበ ውሳኔም ተጨምሮበት፣ ከከተማዪቱ የማራቶን ሩጫ ጋር በአንድ ቀን ተደረበ፤ የድምፅ መስጫ ወረቀት አለቀ፤ ሰልፉ ከመዝጊያው ሰዓት አልፎ ቀጠለ። የበርሊን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ኅዳር 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የከተማውን ምርጫ በሙሉ ሽሮ እንዲደገም አዘዘ፤ የካቲት 5 ቀን በተደገመ ጊዜም አሸናፊው ፓርቲ ተለወጠ፣ ከንቲባዪቱም ሥልጣናቸውን ለካይ ቬግነር አስረከቡ። ፍርዱ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ከዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ እውነት ነበረ።

በእኛ አገር የተሰጠውን ድምፅ ሽሮ ዳግም ምርጫ ማዘዝ ይልቁንም የቦርዱ ሥራ ሆኖ ቈይቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ከብዙ አቤቱታና ምርመራ በኋላ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ምርጫው ተደግሟል። ሕገ መንግሥትን የመተርጐም ሥልጣንም በሕጋችን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ ዳኞቻችን እንደ በርሊን ዳኞች በምርጫ ነገር ሰፊ እጅ የላቸውም። በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ የሐረሩ ይግባኝ ያሳየው ነገር ግን ቀላል አይደለም፦ የቦርድ ቃል የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን፣ ስሕተትም ካለ ከቈጠራው በፊት ሊታረም መቻሉን አሳይቷል።

አገሪቱ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ስትሰጥ ሐረር እንደ ሶማሌ ክልል ወደ ኋላ ቀረች፤ ተራዋም የደረሰው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከበርሊኑ ድምፅ በአራተኛው ቀን ነበረ። በሐረርም ሆነ ከሐረር ውጭ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፣ በመጪው ምርጫ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ዕይታ በሚለጠፍባቸው ጥቂት ቀናት ስማችሁን ሄዳችሁ ፈልጉ፤ ባታገኙትም አቤቱታችሁን በዚያው ሳምንት አቅርቡ።